ምን አገባቸው?

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ፣ ሶፍትና ማስቲካ የሚያዞር ልጅ ሁለት ጎልማሶች ይዘው ሲደበድቡት አየሁ። ልጁ ቢበዛ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ካርቶኑ ተገልብጦ ማስቲካው ጭቃው ላይ ተበትኗል። ምን እንዳጠፋ አላውቅም፤ ሰልፉ ላይ የነበረ ማንም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ሠላሳ ሰው እንሆናለን። ግማሽ እርምጃ ያህል ከሰልፉ ወጣሁ። እዚያው ላይ የእናቴ ድምፅ መጣብኝ፦ «አንተ፣ ምን አገባህ?» ተመለስኩ። ታክሲው መጣ፤ ገባሁ፤ ሄድኩ። ቤት ስደርስ ስለ ከተማችን ጭካኔ ረዘም ያለ ፖስት ጻፍኩ። አራት መቶ ምናምን ላይክ አገኘ። የጻፍኩት ነገር እንደዚያ ተወዶልኝ አያውቅም።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ቀይ ሽብር ሲነሳ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በሰፈሯ «ያገባኛል» ያሉ ልጆች ምን እንደሆኑ በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ «ምን አገባህ» በእኛ ቤት ስድብ አይደለም። ዝናብ ሊጥል ሲል ልጅ እጅ ላይ እንደሚያዝ ጃንጥላ ነው።

ቃሉን ግን ልብ በሉት። «አገባ» ከ«ገባ» ነው የመጣው። ምን አገባህ ማለት፣ ምን አስገባህ፣ በየት በር ገባህ፣ ማን ከፈተልህ ማለት ነው። ነገሩ ቤት አለው፣ ቤቱ ባለቤት አለው፣ አንተ ደጅ ነህ። ጥያቄ ይምሰል እንጂ መልስ ፈልጎ የሚጠይቀው ሰው የለም። እኔም መልስ ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ሥራዬ ውስጥ መጠበቅ ብዙ ነው፤ ኮዱ ተገንብቶ እስኪያልቅ፣ ቴስቱ እስኪያልፍ። በእነዚያ አምስት አምስት ደቂቃዎች ስልኬ ላይ ታሪክ አነባለሁ። በዚያው ሰሞን ኦሊቨር ሎው ስለሚባል ሰው አነበብኩ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛውን ስጠራ እናገራለሁ)። ቴክሳስ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ስድስት ዓመት ወታደር ነበር፤ ከዚያ ቺካጎ ውስጥ ታክሲ ነዳ፤ የኢኮኖሚው ቀውስ ሲመጣ ከሥራ አጦች ጋር ተደራጀ። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ ቺካጎ ውስጥ በተደረገ ተቃውሞ ላይ ንግግር ሲያደርግ ፖሊስ ያዘው። ሰውየው የታሰረው ለእኛ ነው። አገራችንን ደግሞ በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1937፣ ማድሪድ አጠገብ ብሩኔቴ በሚባል ቦታ ወታደሮቹን እየመራ ኮረብታ ሲወጣ ተመትቶ ሞተ። የአሜሪካ ወዶ ዘማቾች ሻለቃ አዛዥ ነበር። ጥቁርና ነጭ አብረው የተሰለፉበትን የአሜሪካውያን ጦር ያዘዘ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው፤ የገዛ አገሩ ጦር በዚያን ጊዜ ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ ነበር የሚያሰልፈው።

ቺካጎ፣ አዲስ አበባ፣ ማድሪድ። እነዚህን ሦስት ከተሞች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ምን አገናኛቸው? ኮዱ ተገንብቶ አልቆ ስክሪኑ ላይ ይጠብቀኛል፤ እኔ እያነበብኩ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። በጁላይ 1936 የስፔን ጄኔራሎች በምርጫ ሥልጣን የያዘውን የሪፐብሊኩን መንግሥት ለመጣል አመፁ፤ ቀጥሎ መሪያቸው የሆነው ፍራንኮ ነው። ሂትለር አውሮፕላንና አብራሪዎች ላከለት። ሙሶሊኒ አውሮፕላኑን ከነታንኩ፣ በላዩም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እግረኛ ጨመረበት። ለሪፐብሊኩ ሶቪየት ኅብረት መሣሪያ ሸጠችለት፤ ሜክሲኮ የቻለችውን አደረገች። የቀሩትስ? 27 የአውሮፓ አገሮች «ጣልቃ አንገባም» ብለው ተስማሙና ለንደን ላይ ኮሚቴ አቋቋሙ። ጀርመንና ጣሊያንም የኮሚቴው አባል ነበሩ፤ ስብሰባ ይቀመጣሉ፣ ማታ መርከብ ይጭናሉ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ኮሚቴ ያውቀዋል። ሲስተም ሲወድቅ «የእኛ ክፍል ሥራ አይደለም» እየተባለ ትኬቱ ከቲም ወደ ቲም ይወረወራል፤ ሲስተሙ ግን እንደወደቀ ነው፤ ከተወራዋሪዎቹ አንዱ ደግሞ የጣለው ራሱ ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ወሬ አይደለም። ጣሊያን ስትወረን የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ግን ማዕቀቡ ውስጥ አልገባም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች አልተዘጋም። አዲስ አበባ በሜይ 1936 ተያዘች። ጃንሆይ ጁን መጨረሻ ላይ ጄኔቭ ሄደው ተናገሩ። በጁላይ ማዕቀቡ ተነሣ። የስፔን ጦርነት የተጀመረው በዚያው ወር ነው። የዓለምን «ምን አገባን» በዚያ ዓመት መጀመሪያ የሰማነው እኛ ነን፤ ስፔን ከእኛ ቀጥሎ ተሰለፈች።

መንግሥታቱ አያገባንም ባሉበት ነገር 35,000 ገደማ ሰዎች ያገባናል ብለው ሄዱ። ከ50 በላይ አገሮች ነው የመጡት። ከብሪታንያና ከአየርላንድ 2,500 ገደማ፣ ከአሜሪካ 2,800 ገደማ። ስለዚህ ጦርነት መጽሐፍ የጻፉት ገጣሚዎችና ጋዜጠኞች ስለሆኑ የእነሱ ጦርነት ይመስላል፤ አብዛኛው ዘማች ግን በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነበር። የዌልስ ከሰል ቆፋሪዎች፣ የሊቨርፑል ወደብ ሠራተኞች፣ የምሥራቅ ለንደን ልብስ ሰፊዎች፣ የኒውዮርክ መርከበኞች፣ ከፖላንድ ተሰደው ፈረንሳይ ጉድጓድ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ማዕድን ቆፋሪዎች፣ አገራቸው ቢመለሱ እስር ቤት የሚጠብቃቸው ጀርመኖችና ጣሊያኖች።

አካሄዳቸውን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1870 የወጣን ሕግ ጠቅሶ፣ ስፔን ሄዶ የሚዋጋ ይከሰሳል ብሎ አስጠነቀቀ። ስለዚህ ለንደን ላይ የቅዳሜና እሁድ የፓሪስ ቲኬት ይቆርጣሉ፤ ለእሱ ፓስፖርት አያስፈልግም ነበር። ቲኬቱ ደርሶ መልስ ነው። (ያልተጠቀሙበትን የመመለሻ ቁራጭ ምን ያደርጉት ይሆን? ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ገብተው ይሆን? ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ አላውቅም።) የአሜሪካኖቹ ፓስፖርት ላይ ለስፔን ጉዞ እንደማያገለግል ማኅተም ተመትቶበታል። ከፓሪስ በባቡር ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ሶሉ ከገመድ የተሠራ ጫማ አድርገው የፒረኒስን ተራራ በሌሊት በእግር ያቋርጣሉ። ሲነጋ ስፔን ናቸው። አልባሴቴ የምትባል ከተማ ተመዝግበው፣ ጥቂት ሳምንት፣ አንዳንዱም ጥቂት ቀን ተለማምዶ ወደ ግንባር ይላካል።

በፌብሯሪ 1937 የፍራንኮ ጦር ማድሪድን ከቫሌንሲያ የሚያገናኘውን መንገድ ለመቁረጥ የኻራማን ወንዝ ተሻገረ። በ12ኛው ቀን የብሪታንያው ሻለቃ 600 ያህል ሰው ይዞ ገባ። ለመትረየሶቹ የመጣው ጥይት ከመትረየሶቹ ጋር የማይሄድ ነበር። በሦስተኛው ቀን የቀረው 225 ገደማ ነው። በዚያው ወር በ27ኛው ቀን አሜሪካኖቹ እንዲያጠቁ ታዘዙ፤ የተባለው የአውሮፕላንና የመድፍ ድጋፍ በወጉ አልመጣም፤ ከመቶ በላይ ሞቱ።

እነዚህን ቀኖች ወደ እኛ ካሌንደር ስቀይራቸው ቀዝቅዤ ቀረሁ። የብሪታንያው ሻለቃ የገባው የካቲት 5 ቀን 1929 ነው። አሜሪካኖቹ የታረዱት የካቲት 20። በመሀል ያለውን የካቲት 12ን አዲስ አበባ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ አለ። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ከተማችን ሦስት ቀን ስትታረድ፣ ያንኑ ሙሶሊኒ የሚረዳውን ጦር ለመመከት የታክሲ ሾፌሮችና መርከበኞች ኻራማ ላይ ቦይ ውስጥ ተኝተው ነበር። ስለ እኛ እልቂት በዚያች ሰዓት የሰሙት ነገር አልነበረም። እኛም ስለ እነሱ።

እንግዲህ፣ ምን አገባቸው?

አንደኛው መልስ ሁሉም ሰው ቶሎ የሚያገኘው ነው፦ ነገ ወደ እነሱም ይመጣ ነበር። መጣም። ፍራንኮ ባሸነፈ በአምስት ወሩ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ፤ ጌርኒካን በኤፕሪል 1937 ያጋየው የጀርመን አየር ኃይል ለንደን ላይ መጣ። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አያጠግበኝም። እሳቱ ወደ እኔ ስለሚመጣ የጎረቤቴን ቤት ካጠፋሁ፣ ያጠፋሁት የራሴን ቤት ነው። ብልህ ነኝ እንጂ ደግ አይደለሁም። ነፋሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢነፍስስ? መገናኛ ላይ ያ ልጅ ሲመታ ዱላው ነገ ወደ እኔ እንደማይመጣ አውቅ ነበር። የቆምኩት በትክክል ስለማውቀው ነው።

ደግሞ ሁሉንም አይገልጽም። ሳላሪያ ኪ የምትባል ነርስ ነበረች፤ በኒውዮርክ ሀርለም ሆስፒታል የምትሠራ ጥቁር አሜሪካዊት። በ1935 ለኢትዮጵያ የመስክ ሆስፒታል የሚሆን ዕቃ ከጓደኞቿ ጋር አሰባስባ ልካለች። ኦሃዮ ውስጥ ጎርፍ በደረሰ ጊዜ ልርዳ ብላ ቀይ መስቀልን ስትጠይቅ በቀለሟ ምክንያት እንዳልተቀበሏት ራሷ ተናግራለች። በማርች 1937 ስፔን ሄደች። የጀርመን አውሮፕላን ከስፔን ተነሥቶ ሀርለም አይደርስም። እሷም ታውቀዋለች።

የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ የሚመጣለትን ተረት አውቃለሁ፦ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። በእርግጥም እያረረባት ነበር። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ጥቁሮች በዛፍ ላይ በሚሰቀሉበት ዘመን፣ ቀይ መስቀል እንኳ እጅሽን አልፈልግም ባላት አገር፣ እንዴት ሰው ስለ ስፔን ያስባል? መጀመሪያ የቤትሽን ድስት አታማስዪም?

ይህን ተረት ለብዙ ቀን ሳገላብጠው ከረምኩ። አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ሁለቱ ድስቶች በሁለት ምድጃ ላይ እንዳሉ አድርጎ ነው የሚያስበው። ሎውና ኪ ያዩት ግን አንድ ምድጃ ነው። ቺካጎ ላይ ጥቁሩን ሰው ከሰው በታች ያደረገው ሐሳብ፣ ሙሶሊኒን አዲስ አበባ ያደረሰው ሐሳብ፣ የስፔንን ጭሰኛ ለመሬት ከበርቴው መልሶ ሊያስረክብ የመጣው ጦር፤ ለእነሱ አንድ እሳት ነበር። ኢትዮጵያ መጥቶ መዋጋት ለአሜሪካዊ ቀላል አልነበረም፤ ለውጭ ጦር መመዝገብ በሕጋቸው ወንጀል ነው፤ መርከቡም ሩቅ ነው። እንደ ቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ያሉ እጅግ ጥቂቶች ናቸው የደረሱልን። ስፔን ስትነሣ በር ተከፈተ። ከሰማንያ በላይ ከሆኑት ጥቁር ዘማቾች መካከል ስፔንን በኢትዮጵያ ምትክ የቆጠሯት ነበሩ። አለመድረስን የዓለምን ክፍል በመቀየር የፈቱ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ቅርበት ሲባል የምናስበውን ምስል ትንሽ ማረም ያስፈልጋል። ልጅ ሆነን እንደተማርነው፣ ሰው መሀል ላይ ቆሞ በዙሪያው ክብ ክብ ተሠርቷል፦ ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ ወገን፣ አገር፣ ከዚያ ወዲያ የማያገባን ዓለም። በእኔ ሙያ ግን ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ ባሕር ማዶ ካለው ጋር ግን ገመዱ ያገናኛቸዋል። የዌልሱ ከሰል ቆፋሪ ከማዕድኑ ባለቤት ጋር አንድ ሰማይ ስር ያድራል። በ1934 ግን የስፔን አስቱሪያስ ማዕድን ቆፋሪዎች አምፀው ጦር ሲዘምትባቸው፣ ያንን ዘመቻ ከማድሪድ ሆኖ ካቀናጁት አንዱ ፍራንኮ ነበር፤ ዌልሱ ያንን ሲሰማ የሰማው የማያውቀውን ሰው ታሪክ አልነበረም። ሳንባው ውስጥ ያለው አቧራ አንድ ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብዬ አንድ ነገር ማመን አለብኝ፤ ካላመንኩት ውሸታም እሆናለሁ። በሚያዝያ 2014፣ በእኛው አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ዩክሬን ሄደን እንዋጋ ብለው የተሰለፉ ወጣቶች ነበሩ። ኤምባሲው ወታደር እየመዘገብኩ አይደለም አለ፤ ሰልፉ ግን ዜና ሆነ። እኛ ኦንላይን ያለን ሰዎች ሳቅንባቸው። እኔም አንዱን ሚም ሼር አድርጌያለሁ። አሁን የስፔኖቹን ወዶ ዘማቾች ሳደንቅ ያ ሰልፍ ዓይኔ ላይ ይመጣል። እነዚያም የላብ አደር ልጆች ናቸው። እነዚያም ለባዕድ አገር ጦርነት ነው የተሰለፉት። አንዳንዱ ሥራ አጥቶ ነው የመጣው፤ የ1930ዎቹ ዘማቾች ጠላቶችም ያሏቸው ይህንኑ ነበር፦ ሥራ አጦች ናቸው፣ ሆዳቸው ነው ያስኬዳቸው።

ከዚህ የከፋውን ደግሞ በሌላው ወገን እናገኘዋለን። ሙሶሊኒ ወደ ስፔን የላካቸውም «ወዶ ዘማች» ነበር የሚባሉት። በማርች 1937 ጓዳላኻራ ላይ ሲሸነፉ ከተማረኩት መካከል፣ ኢትዮጵያ ሄደን መንገድ እንሠራለን ብለን ነበር የተመዘገብነው ያሉ ነበሩ። የደቡብ ጣሊያን ድኾች ናቸው። በተቀማ የእኛ መሬት ላይ አካፋ ሊይዙ ተመዝግበው፣ ጠመንጃ ይዘው ማድሪድ ደጅ ተገኙ። እነሱን የገጠማቸው ጦር ውስጥ የጋሪባልዲ ሻለቃ ነበር፤ እሱም ጣሊያኖች ናቸው፤ በድምፅ ማጉያ በገዛ ቋንቋቸው «ኑ፣ ወደ እኛ ተሻገሩ» ይሏቸው ነበር። የላብ አደር ልጅ ከላብ አደር ልጅ ጋር፣ ሁለቱም ወዶ ዘማች ተብሎ።

ስለዚህ ድኽነት ፈቃድን አይሰርዝም፤ ፈቃድ ብቻውንም ሰውን አያጸድቅም። እኔ ልዩነቱን የማየው አንድ ቦታ ላይ ነው። የዌልሱ ሰው ወዴት እንደሚሄድ፣ በማን ላይ እንደሚተኩስና ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ አውቆ፣ አገሩ ከልክሎት፣ ደሞዝ የማይባል ሳንቲም ሊቀበል ሄደ። ለጣሊያኑ ግን ሌላ ሰው ነው ያሰበለት፤ ያሰበለትም ውሸት ነው። ኤምባሲው በር ላይ የተሰለፈው ልጅ ከሁለቱ የትኛው እንደነበር አልጠየቅኩትም። ሚም ነው ያደረግኩት።

የስፔኖቹም ነገር ንጹሕ አልነበረም። ብርጌዶቹን ያደራጀው ኮሚንተርን ነው፤ ከኮሚንተርን ጀርባ ስታሊን ነበር፤ ስታሊን ደግሞ በዚያው ዓመት በአገሩ የገዛ ጓዶቹን እየረሸነ ነው። አልባሴቴን ያዝ የነበረው አንድሬ ማርቲ በሁሉ ቦታ ሰላይ የሚያይ ጨካኝ ሰው ነበር። በሜይ 1937 ባርሴሎና ውስጥ በሪፐብሊኩ ወገን ያሉ ግራ ዘመሞች እርስ በርስ ተታኮሱ፤ የአንዱ ፓርቲ መሪ አንድሬኡ ኒን ታፍኖ ተገደለ። በጦርነቱ መጀመሪያ ወራት በሪፐብሊኩ በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ቀሳውስትና መነኮሳት ተገድለዋል። ለወዶ ዘማቹም መግቢያው እንጂ መውጫው በፈቃድ አልነበረም፤ ደክሞኛል ልሂድ ያለው ታስሯል፣ የከዱ ተብለው የተረሸኑም አሉ። የእኛ አገር ሰው ይህንን በደንብ ያውቃል፤ በንጹሕ ልብ «ያገባኛል» ብሎ የገባ ልጅ ሌላ ሰው ባሰናዳው ቤት ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። እናቴ በልጅነቷ ያየችው ይኸው ነው።

ታዲያ ቢቀሩ ይሻል ነበር? ይህን ጥያቄ ለራሴ አቅርቤ አዎ ለማለት ሞክሬ ነበር፤ አልቻልኩም። የቀሩት ንጹሕ አልሆኑማ። «ጣልቃ አንገባም» ያሉት መንግሥታት ሕጋዊው መንግሥት መሣሪያ ገዝቶ ራሱን እንዳይከላከል ነው በሩን የዘጉት። ይህ ደጅ መቆም አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ገብቶ የአንዱን እጅ መያዝ ነው። ሠላሳ ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞ ዝም ሲልም ሁለቱ ጎልማሶች አንድ ነገር ተረድተዋል፤ ማንም እንደማይመጣ።

አሁን ከሁሉም ይልቅ ልቤን የነካው ሰው ጋ ደረስኩ። ኢሊዮ ባሮንቲኒ ይባላል። ከሊቮርኖ አካባቢ የመጣ ጣሊያናዊ የባቡር ሠራተኛና ኮሚኒስት ነው፤ ጓዳላኻራ ላይ የጋሪባልዲን ሻለቃ ከመሩት አንዱ ነበር። በ1938 መጨረሻ ግድም ይህ ሰው በሱዳን በኩል አድርጎ ጎጃም ገባ። እዚያ ከእሱ ጋር የተገናኙ ሁለት ጓዶች ነበሩት፤ አንዱ አንቶን ኡክማር የሚባል ከትሪየስቴ አካባቢ የመጣ ስሎቬናዊ፣ እሱም የባቡር ሠራተኛ፣ እሱም የስፔን ዘማች። ሌላው ብሩኖ ሮላ ነው። ጳውሎስ፣ ዮሐንስና ጴጥሮስ በሚሉ ስሞች ይጠሩ ስለነበር «ሦስቱ ሐዋርያት» ተብለዋል። ከአርበኞቹ ጋር ኖሩ፣ የሽምቅ ውጊያ አሠለጠኑ፣ በአማርኛና በጣሊያንኛ የምትወጣ ትንሽ ጋዜጣም አዘጋጁ። እስከ 1940 ድረስ ቆዩ።

አስቡት። የመርዝ ጋዝ ከላዩ የወረደበት አገር ነው። ወንድሙ የተገደለበት፣ ከብቱ ያለቀበት አርበኛ ፊት ጣሊያንኛ የሚናገር ነጭ ቆሞ «ልረዳችሁ መጥቻለሁ» ይላል። እኔ ብሆን አምነው ነበር ወይ? አይመስለኝም። እኔ ብሆን ምን አገባህ ነበር የምለው፤ ያውም በመልካም ቀኔ።

ግን መልሱ ለባሮንቲኒ ከማንም ይልቅ ግልጽ ነበር። ቦምቡ የሚጣለው በእሱ ቋንቋ፣ በእሱ ባንዲራ፣ በእሱ ስም ነው። ሎው የገባው በዳዩን ስላወቀው ነው፤ እጁ እሱንም ስለመታው። ባሮንቲኒ የገባው በዳዩ የራሱ ወገን ስለሆነ ነው። ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው፤ በሁለቱም «ምን አገባህ» ተብሎ የተዘጋ መስሎኝ የኖርኩት ቤት ውስጥ ይገባል። ሦስተኛም ይኖር ይሆናል፤ ከልጁም ከደብዳቢዎቹም ጋር ምንም የማይገናኝ፣ እዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ ቆሞ የነበረ ሰው የሚገባበት። ለእሱ ስም አላገኘሁለትም። የእኔ በር እሱ ነበር።

ተሸንፈዋል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በኦክቶበር 1938 የስፔን መንግሥት፣ ምናልባት ፍራንኮም የውጭ ወታደሮቹን እንዲያስወጣ ዓለም ይጫነዋል ብሎ፣ ብርጌዶቹን አሰናበተ። ባርሴሎና በአበባ ሸኘቻቸው። ፍራንኮ ሁሉንም አላስወጣም። በኤፕሪል 1939 ጦርነቱን አሸነፈና እስከ 1975 ገዛ። አሜሪካ የተመለሱት «ጊዜው ሳይደርስ ፋሽስትን የተቃወሙ» የሚል ስም ተሰጥቷቸው ለዓመታት ተጠረጠሩ፤ ሁልጊዜ ያስቀኛል ይህ ስም፣ ትክክል ሰዓቱ ስንት ሰዓት ነበር? ጀርመኖቹና ጣሊያኖቹ የሚመለሱበት አገር ስላልነበራቸው ፈረንሳይ ውስጥ ካምፕ ታጎሩ። ስፔን በ1996 በሕይወት ለተረፉት ዜግነት ሰጠች፤ ሽማግሌዎች ሆነው።

ከሳምንታት በፊት፣ አንድ እሁድ፣ ይህን ሁሉ ለእናቴ አወራኋት። ምስር እየለቀመች ነበር። ስለ ታክሲ ሾፌሩ፣ ስለ ነርሷ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ጎጃሙ ጣሊያን ነገርኳት። በጎጃሙ ጣሊያን ላይ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሌላውን አንገቷን ደፍታ ነው የሰማችው።

«እናቶቻቸውስ?» አለች።

ብዙዎቹ ለቤተሰብ ሳይናገሩ እንደወጡ፣ ቲኬቱ የቅዳሜና እሁድ እንደነበረ ነገርኳት።

«ውሸታሞች» አለች። የተቆጣች ግን አልመሰለኝም። ምስሩን በሰፌዱ አንዴ ከፍ አድርጋ አንገዋለለችው።

ከዚያ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ለማንም ያልነገርኩትን የመገናኛውን ነገር ነገርኳት። ከሰልፉ እንደወጣሁ፣ የእሷ ድምፅ እንደመጣብኝ፣ እንደተመለስኩ። «ደግ አደረግህ» እስክትለኝ ጠበቅኩ። እውነቱን ለመናገር እንድትለኝ ፈልጌም ነበር።

«ልጁስ?» አለችኝ።

«ልጁ ምን?»

«ልጁ ምን ሆነ?»

«እኔ እንጃ እማዬ» አልኳት። «ታክሲው መጣ።»